ተነስታ የማትጨርስ ጀልባ

ጥቅምት 11 ቀን

ይድረስ ለእህታችን ልጅ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ ሙሉ፣ እንቅልፍህ ጥሩ፣ አለቃህም ፊቱ የተፈታ ሆኖ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። አጎትህን ከሳሉ በቀር፣ እኔን ከአጎትህ በቀር ያስቸገረን ነገር የለም።

እሑድ የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ነበር። አጎትህ ጀልባችንን፣ ባልቴቷን፣ ነድቶ ሦስተኛ ወጣ። አንተ ትተሃት ከሄድክ ወዲህ ጀልባዋ እንዲህ ሮጣ አታውቅም። አሁን በአንተ ቦታ፣ ከፊት ተቀምጦ ገመድ የሚይዝለት ፖስተኛው ነው። ሰውዬው እንደምታውቀው ወፍራም ነው፤ ነፋስ ሲበረታ ከዳር ተንጠልጥሎ ባልቴቷን ቀጥ ያደርጋታል። ነፋስ ሲጠፋ ደግሞ አጎትህ "ዛሬስ ቁርስህን ትተህ ብትመጣ ምን ነበረበት?" እያለ ያበሽቀዋል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የጀልባ ክለቡ አዲስ ደንብ አውጥቷል። እነዚያ ነጫጭ የፋይበር ጀልባዎች በዝተው የዳር ቦታ ስለጠፋ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ከዓመቱ ውድድሮች አንዷን እንኳ ያጎደለ ጀልባ ቦታውን ይለቃል ተብሏል። የባልቴቷ ቦታ ከሄደ የእኔም የሸራ ስፌት ቤት አብሮ ይሄዳል፤ በሩ የሚከፈተው እዚያው ላይ ነው፣ ሸራ የምዘረጋውም እዚያው ነው። ውድድሩ ደግሞ ዘንድሮ መዓት ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ፣ በመሃል ከእንግዳ ክለቦች ጋር፣ መጨረሻ ላይ በሰኔ ትልቁ ሬጋታ፣ ክለቦች ሁሉ የሚሰበሰቡበት ውድድር። መልህቅ እንኳ የሚደርቅበት ጊዜ የለውም።

አጎትህ ግን ደስ ብሎታል። "እስከ ሰኔ እኔ አደርሳታለሁ፤ በትልቁ ውድድር ልጁ መጥቶ ይነዳታል፣ ብሎኛል" እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። ብለኸዋል አይደል? እኔ ስትሰናበቱ አጠገባችሁ አልነበርኩም። ከአንተ የምንፈልገው ነገር የለም፤ ራስህን ብቻ ይዘህ ና።

ዓይንህን ለማየት ያብቃን።
እትዬ

ኅዳር 24 ቀን

ለተከበራችሁ ጋሼና እትዬ፣

ውሃ ቢለየንም፣ ሰው አገር ሆኜ በሰላምታ ልሻገር። ጋሼ ሳልዎ እንዴት ነው? እትዬ ወገብዎን ተሻለዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

መልሴ የዘገየው ረስቻችሁ አይደለም። እዚህ ጀልባ ጥገና ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የጀልባ ሆድ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ እውላለሁ፤ ማታ ሳስነጥስ የሚወጣኝ ነጭ አቧራ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አለቃዬ በጀልባው ይዞኝ ይወዳደራል። ክለቡ ትልቅ ነው፤ እንደኛ ሠራተኛውም ዳኛውም አንድ ሰው አይደለም። ባለፈው መሪውን ሰጠኝና ሁለተኛ ወጣን። "ማን ነው ያስተማረህ?" ሲለኝ፣ ጋሼ፣ የእርስዎን ነገር አወራሁለት፤ ባልቴቷንም፣ የበላችውን ዋንጫም።

ሦስተኛ መውጣታችሁን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሰኔን በልቤ ይዣታለሁ። አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የባልቴቷን ትልቁን ሸራ የሆዱን ልክ ቢልኩልኝ። የአለቃዬ ሸራ ደረቱ የገባ ሰው ይመስላል፣ ነፋስ አይዝም።

አክባሪያችሁ፣
የእህታችሁ ልጅ

ታኅሣሥ 19 ቀን

ልጃችን፣

ጤናህን ይጠብቅልህ። ያ የምትውጠው አቧራ ሳይበላህ አፍንጫህን በጨርቅ እሰር፤ እምቢ ካልክ መጥቼ እኔው አስርልሃለሁ።

የሸራውን ልክ በወረቀት ቀድጄ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ።

ክፉ ወሬ በአጭሩ ይሻላል። አጎትህ ታሟል። ከሁለተኛው ውድድር በኋላ ጀልባዋን ከውሃ ሲያወጧት ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፣ ቀጥሎም እግሩ። ሐኪሙ የራስ ደም ሥር ነው አለ። አፉ ትንሽ ጠመም ብሏል። ምላሱ ግን ደህና ነው፣ እኔን ለመስደብ አልተቸገረም። አልጋውን ስፌት ቤት ከመስኮቱ ሥር አደረግንለት፤ የውሃ ድምፅ በማይሰማበት አልተኛም አለ። መስኮቱ ምንም አያሳይም፣ ነጫጮቹ ጀልባዎች ጋርደውታል። ጆሮውን ጥሎ ነው የሚውለው።

ሦስተኛው ውድድር ሲቃረብ ሰው ፍለጋ ዞርኩ። መሪ መያዝ የሚችል ሁሉ የራሱ ጀልባ አለው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ደንቡን ደጋግሜ አነበብኩት። "የመነሻውን መስመር ያለፈ" ይላል እንጂ ስለ መጨረስ አንዲት ቃል የለውም። መነሳት ብቻ ከሆነማ እኔን ማን ከለከለኝ?

እንግዲህ ሳቅ። የነዳኋት እኔ ነኝ። ሸራ ስሰፋ ያረጀሁ፣ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ የማላውቅ፣ ዋና የሚባል ያልፈጠረብኝ ሴት። ፖስተኛው "እትዬ፣ ኧረ ይተንፍሱ!" እያለኝ፣ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ፣ ጡሩንባው ሲነፋ መስመሩን አለፍን። አለፍንና ዞረን ተመለስን። ዳኛው በመነጽሩ አየንና ራሱን ነቀነቀ፣ ግን ጻፈ።

በሚቀጥለው ጊዜ ደፈር ብዬ እስከ መጀመሪያው መዞሪያ፣ እስከ ቢጫው በርሜል ልሂድ አልኩ። ነፋሱ ሸራውን ሲሞላው ቀና ብዬ አየሁ። የገዛ ስፌቴን ያን ሁሉ ዘመን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንጂ ተነፍቶ፣ ከሥር ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። ሦስተኛው መጋጠሚያ ላይ ክሩ ሸፈፍ ብሏል። "ይህን የሰፋሁ ቀን ምን ነክቶኝ ነው?" እያልኩ ዓይኔን ከክሩ ሳልነቅል ከበርሜሉ ጋር ተላተምን። ፖስተኛው በግንባሩ ተደፋ። አጎትህ ይህን ሲሰማ በዚያች በጠመመች አፉ እንዴት እንደሳቀ ብታይ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በተረፈ እየተሻለው ነው። ሾርባ በማንኪያ ሳጎርሰው ግማሹን ይውጠዋል።

ሰኔን ይጠብቃል። በቶሎ ጻፍለት።
እትዬ

የካቲት 8 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ለእርስዎም ለጋሼም ብርታቱን ይስጣችሁ። የጋሼን ነገር ስሰማ የያዝኩት ከእጄ ወደቀ። ቶሎ ያልጻፍኩት የምለው ስለጠፋኝ ነው።

እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ክለባችን የሚልክልኝ ወርሃዊ የውጤት ወረቀት ይደርሰኛል። ባልቴቷ ከሚለው ስም ጎን "አልጨረሰችም"፣ ከዚያም "አልጨረሰችም"፣ አሁንም "አልጨረሰችም"። ወረቀቱን ሥራ ቦታ ግድግዳ ላይ ነበር የምለጥፈው፤ አሁን ማጠፍ ጀምሬያለሁ። ያች ጀልባ እኮ ዋንጫ የበላች ነች። እርስዎ ደግሞ ውሃ የማይችሉ ሰው። አንድ ቀን ነፋስ ቢገለብጣችሁ ለቦታ ተብሎ? ቦታው ይቅር። ስፌት ቤት ሌላ ቦታ ይከፈታል። ጋሼን ቢያስረዷቸው ይሰሙዎታል።

የሰኔው ፈቃድ ገና አልተወሰነም። እዚህም የውድድሩ ጊዜ ተጨናንቋል። በየሳምንቱ ሌላ ከተማ ነው የምንሄደው፤ ጀልባ በመኪና ጭነን፣ ራሳችንም እላዩ ላይ የተጫንን ነው የሚመስለው።

በነካ እጅዎ አንድ ነገር ይንገሩኝ። መጋረጃ ጠርዙ ሲታጠፍ ምን ያህል ይተዉለታል? መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ጠዋት ብርሃኑ ይገባል። ጨርቁ ስስ ሰማያዊ ነው።

አክባሪዎ

መጋቢት 6 ቀን

ልጃችን፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፣ ከዚያ በኋላ ቁጣዬ።

"ስፌት ቤት ሌላ ቦታ ይከፈታል" አልክ። አፍህን ሞልተህ። አጎትህን ከዚያ መስኮት ሥር አንስቼ የት ልውሰደው? ይህን ጻፍልኝ፣ ዛሬውኑ ጓዜን እጠቀልላለሁ።

"አልጨረሰችም" አሳፈረህ? ክለቡ ውስጥ እኔን ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? "ጀማሪዋ"። በመስኮት ብቅ ስል እንኳ "እትዬ ጀማሪዋ፣ ዛሬስ እስከ ምሳ ይቆያሉ?" ይሉኛል። እኔም "ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት" እላለሁ። ይሳቃል። እስካሁን አንዷም ውድድር አልጎደለችም። በዝናብም፣ እጄ በገመድ ተልጦም፣ ተነስቻለሁ። ፍርሃቱ አልቀነሰም፤ እሱን ለምጄዋለሁ ብዬ አልዋሽህም።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ጀልባ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ዳኛው አንዴ ጡሩንባ ይነፋ የለ? አጎትህ ተኝቶ ያንን ይቆጥራል። አንዱ ሲነፋ "የጥርስ ሐኪሙ ነው"፣ ሌላው ሲነፋ "ጡረተኛው መሆን አለበት" ይላል፣ አይሳሳትም። እኔ ከተመለስኩ ቆይቻለሁ፣ ልብሴን ለውጬ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ እሱ ግን የመጨረሻው ጡሩንባ ከተነፋ በኋላም ትንሽ ይጠብቃል። የኛን። እንደማይነፋ እያወቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ለዚህ ነው ና የምልህ። አንድ ጊዜ ጨርሰህ አሰማው። ሌላውን እኔ እችለዋለሁ።

የመጋረጃውን ጠርዝ አራት ጣት ተውለት፣ ሁለት ጊዜ እጠፈው። ግን ልጠይቅህ። ብቻውን የሚኖር ወንድ ጠዋት ብርሃን ቢገባበት ትራሱን ፊቱ ላይ ይደፋል እንጂ ሰማያዊ ስስ ጨርቅ ገዝቶ አይመጣም። ማን ነው እንቅልፉ የሚረበሸው? ለአጎትህ አልነገርኩትም።

እትዬ

ግንቦት 14 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ይህን የምጽፈው ጤናዎን እንዲሁም የጋሼን ጤና እየተመኘሁ ነው።

በትልቁ ሬጋታ ሳምንት እዚህም ሁለት ውድድር አለ። አለቃዬ መሪውን ለእኔ ሰጥቷል፤ ውሉ ለሚቀጥለውም ዓመት ነው። እንዲህ ሆኖ መውጣት አይቻለኝም። ዘንድሮ አልመጣም። ጋሼን እርስዎ በሚያውቁበት መንገድ ይንገሩልኝ።

ባልቴቷን የሚገዛ ቢገኝ እኔ ቅር አይለኝም።

ስለ መጋረጃው አመሰግናለሁ፤ ተሰቅሏል። ያ የባልቴቷ የጥንቱ የጥጥ ሸራ፣ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ የነበረው፣ አሁንም አለ? ታጥቦ ታጥቦ እንደ ሻሽ ለስልሶ ነበር። ከእሱ ትንሽ ቢልኩልኝ። ለምን እንደሆነ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አክባሪዎ

ሐምሌ 3 ቀን

ልጃችን፣

የዛሬውን ሰላምታ ከዚህ በታች ስትደርስ ታገኘዋለህ።

ደብዳቤህ ሲመጣ ፖስተኛው እዚያው ቆመ፤ ለእሱም የጻፍክ ያህል ነው የሚጠብቀው። ለአጎትህ "አልመጣም" የምትለዋን ዘልዬ አነበብኩለት። እሱ ግን የዘለልኩትን ሰማ። "እንግዲያው አንቺ ጨርሻት" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም።

የሬጋታው ቀን ዳርቻው በሰው ጥቅጥቅ ብሏል፤ ውሃው ላይ ከየክለቡ ከመጡ ጀልባዎች ሸራ በቀር የሚታይ የለም። የአጎትህን ራስ በትራስ ደገፍ አድርጌ፣ ጎረቤት አጠገቡ አስቀምጬ ወጣሁ። ጡሩንባው ተነፋ፣ መስመሩን አለፍን። ፖስተኛው እንደ ልማዱ ለመዞር ገመዱን ሲያዘጋጅ "ተወው፣ ዛሬ እንሄዳለን" አልኩት። አየኝ። ከዚያ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አጠበቀ።

የመጀመሪያውን በርሜል ሰፋ አድርገን ዞርን፤ ቀና ብዬም ክሬን አላየሁም። ሁለተኛው ጋ ስንደርስ የመጨረሻው ጀልባ ርቆን ጀርባው ብቻ ይታየናል። ከዚያ ነፋሱ ሞተ። በቃ፣ ጠፋ። ሸራው እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠለ። ከሩቅ የሰውን ጡሩንባ እየሰማን፣ አንዱ ገባ፣ ሌላውም ገባ፣ እኛ ውሃ ላይ ተገትረን ቀረን። ፖስተኛው "እንቅዘፍ?" አለኝ። "የቀዘፈ ጨረሰ አይባልም" አልኩት። እኔ ከመቼ ወዲህ ደንብ አዋቂ እንደሆንኩ እንጃ። ትንሽ ትንፋሽ ስትመጣ በእሷ እየተጎተትን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው መስመር ደረስን።

የዳኛው ጀልባ አልነበረም። መልህቁን ነቅሎ ሄዷል። ጀማሪዋ እንደ ወትሮዋ ተመልሳለች ብሎ ነው። ሰው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ ዋንጫ እየተሰጠ፣ ጭብጨባው ውሃው ላይ ድረስ ይሰማል። በርሜሉና የዳኛው ጀልባ ቆሞበት የነበረው ባዶ ውሃ ብቻ ቀርተዋል። በመሃላቸው አለፍን። ፖስተኛው ቆቡን አወለቀ፤ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው መሰለኝ።

ስፌት ቤት ስገባ አጎትህ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ነበር።

"ጨረሽ?" አለኝ።

"ጨረስኩ።"

"ጡሩንባው አልተሰማኝም።"

"ነፋሱ ወደዚያ ወስዶት ነው" አልኩት።

ደህናዋን እጁን ልኮ እጄን ያዘኝ። "ነፋስ የት አለ?" አለ።

ሐሙስ ጠዋት አረፈ። ቀበርነው።

ዳኛው ለልቅሶ መጥቶ ወለል ወለሉን ሲያይ ቆየ። ያላየውን መጻፍ እንደማይችል፣ ወረቀቱም ታትሞ እንዳለቀ ነገረኝ። አልተቀየምኩትም። ልማዴን አይቶ ነው የሄደው። ሲደርስህ "አልጨረሰችም" የሚል ታገኛለህ፤ ካፈርክ እጠፈው።

አንዷንም ሳላጎድል ስለተነሳሁ ቦታው የኛ ሆኖ ጸንቷል፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጥተውኛል። ለማን እንዳቆየሁት ግን አላውቅም። ባልቴቷ በሩ ላይ ተደፍታ ተኝታለች፣ እኔም ከውስጥ እሷን እያየሁ እውላለሁ። ውሃ ዳር ግን አልወርድም።

የጥጡን ሸራ ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ ቆርጬ፣ ዙሪያውን በእጅ ዘምዝሜ ልኬዋለሁ። ቆዳ እንዳይፍቅ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጌዋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጻፍልኝ፣ ገብቶኛል። በጤና ትገላገል፤ አንተንም እሷንም ፈጣሪ ይጠብቃችሁ። ሰላምታዬ ይኸው ነው።

እትዬ

ነሐሴ 17 ቀን

እትዬ፣

ሰላምታ እንዴት እንደሚጀመር ጠፍቶኛል። መጽናናቱን ይስጥዎት ብል አፌ አይሞላልኝም፤ ትተዋቸው የሄድኩት እኔ፣ አጠገባቸው የነበሩት እርስዎ።

ልጅ አለችኝ። ሴት ናት፣ ወር አልፏታል። እናቷ በዚህኛው ክለብ ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። ያልነገርኳችሁ፣ የነገርኳችሁ ቀን አለመምጣቴ ቁርጥ ይሆናል ብዬ ነው። አሁን ሆኗል። አልመለስም፣ እትዬ። ይህን እንኳ በግልጽ ልጻፍልዎት።

የሬጋታውን ወረቀት አላጠፍኩትም። ግድግዳው ላይ ነው።

እሑድ ውድድር ነበረን። እኔ አልወጣሁም፤ ለአለቃዬ እምቢ አልኩት፣ ተቆጣ። ሁሉም ጀልባ እስኪገባ ጠብቄ ልጅቷን ታቅፌ የዳኛው ማማ ላይ ወጣሁ። ጡሩንባውን ሊከት ሳጥኑን ከፍቷል። "አንድ ጀልባ ቀርቷል" አልኩት።

"የትኛው?"

"ከኋላ ያለችው። ትዘገያለች።"

ተነስቶ ውሃውን አየ። ምንም አልነበረም። እኔን አየኝ፣ ልጅቷን አየ። ሽማግሌ ነው፣ ወሬ አያበዛም። "ስሟ ማን ነው?" አለ። "ባልቴቷ" አልኩት። በእኛ ቋንቋ ስላልኩት አልገባውም፤ ግን እንደነገሩ ደግሞ አለውና መዝገቡን ሳይነካ ጡሩንባውን አንስቶ አንዴ፣ ረዘም አድርጎ ነፋው።

ዳር ላይ ሸራ የሚያጥፉ ሰዎች ሁሉ ዞር ብለው ወደ ውሃው አዩ። ልጅቷ እርስዎ በዘመዘሙት ሸራ ተጠቅልላ ክንዴ ላይ ነበረች። ድምፁ አስደንግጧት ጮኻ አለቀሰች። እኔም ዝም አላሰኘኋትም።

ልጃችሁ